የኮምፒውተር ኤክስቴንሽኖችን ስልክ ላይ ማሠራት፦ ከብሮውዘር ምርጫ እስከ ዳታ ቁጠባ

ኮምፒውተር ላይ ማስታወቂያ የሚያግድ፣ ገጽ የሚያጨልም ወይም የቪዲዮ ገጾችን የሚያስተካክል ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የለመደ ሰው ያንኑ ስልኩ ላይ ሲፈልግ ብዙ ይደክማል። ክሮም ውስጥ ገብቶ የክሮም ዌብ ስቶርን ይከፍታል፤ ገጹ ይመጣል፣ መጫኛው ቁልፍ ግን አይሠራም። "ዴስክቶፕ ሳይት" የሚለውን ያበራል፤ አሁንም ለውጥ የለም። ይህ ከስልኩ አቅም ማነስ የመጣ አይደለም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን የሚያስኬድ ክፍል የለውም። "ዴስክቶፕ ሳይት" ደግሞ ድረ ገጹ ስልኩን እንደ ኮምፒውተር እንዲያየው ያደርጋል እንጂ ብሮውዘሩ ውስጥ ያልነበረን ነገር አይጨምርም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ብሮውዘር ከመምረጥ ነው፤ እዚያ ላይ የተሳሳተ ሰው ቀጥሎ ያለው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል።

አንድሮይድ ላይ ለምትጠቀሙ ሁሉ ያለማመንታት የምንመክረው ፋየርፎክስን ነው። ብዙ ሰው "ፋየርፎክስ ስልክ ላይ የሚቀበለው ጥቂት ኤክስቴንሽን ብቻ ነው" ይላል። ይህ ትክክል የነበረበት ጊዜ ነበረ። በ2020 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ብሮውዘሩ እንደ አዲስ ተጽፎ ሲወጣ የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ መርጦ ካስቀመጣቸው ጥቂቶች በቀር ሌሎቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በሩ ተከፍቷል፤ ገንቢው "አንድሮይድ ላይ ይሠራል" ብሎ ያስመዘገበው ኤክስቴንሽን ሁሉ ከሞዚላ መደብር በቀጥታ ይጫናል። የድሮውን መረጃ ይዞ የቀረ ሰው እንደገና ቢሞክረው ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ ክሮም በተሠራበት በክሮሚየም ላይ የተገነቡ ብሮውዘሮች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የታወቀው ኪዊ ነበር፤ የክሮም ኤክስቴንሽኖችን ከስቶሩ ራሱ ይጭን ነበር። ኪዊ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ሥራው ቆሟል። የኤክስቴንሽን ክፍሉ ወደ ማይክሮሶፍት ኤጅ እንዲዛወር ተደርጓል፤ ኪዊ ራሱ ግን የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። ኤፒኬው (የመጫኛ ፋይሉ) ዛሬም በቴሌግራም ቻናሎችና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ከጫናችሁት ይሠራልም። ችግሩ መሥራቱ ላይ አይደለም። በክሮሚየም ላይ በየጊዜው የሚገኙት ቀዳዳዎች በክሮምና በኤጅ ይደፈናሉ፤ በቆመው ኪዊ ላይ ግን ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ኢሜይል ወይም የባንክ ገጽ የምትከፍቱበት ስልክ ላይ ካለ አጥፉት።

ኤጅ አንድሮይድ ላይ ኤክስቴንሽን ይቀበላል። በማውጫው ውስጥ "ኤክስቴንሽንስ" የሚል አለ፤ የተመረጡት ተዘርዝረው ይመጣሉ። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ከፈለጋችሁ የሙከራው እትም ኤጅ ካናሪ መንገድ አለው፦ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ብሮውዘሩ የሚናገረውን ክፍል ትከፍታላችሁ፣ የቢልድ ቁጥሩን 5 ጊዜ ትነካላችሁ፣ ወደ ኋላ ስትመለሱ "ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ" ተጨምሮ ታገኙታላችሁ። እዚያ ውስጥ በመለያ ኮድ መጫን የሚያስችል መስመር አለ። ኮዱ በክሮም ዌብ ስቶር የኤክስቴንሽኑ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያሉት 32 ፊደላት ናቸው። አንዷ ብትጎድል አይጭንም፤ ሲቀዱ ከፊት ያለው የስም ክፍል ወይም ከኋላ የጥያቄ ምልክትና ተከታዩ አብሮ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ካናሪ በየቀኑ የሚለዋወጥ የሙከራ እትም ስለሆነ አንድ ቀን ሠርቶ በማግስቱ ሊዘጋ ይችላል፤ ለዋና ሥራ አይሆንም። ሌመር የተባለው ብሮውዘርና መሰሎቹ የክሮም ኤክስቴንሽኖችን ያለ ብዙ ጣጣ ይጭናሉ፤ ነገር ግን ኮዳቸው ለምርመራ ክፍት ያልሆነ፣ የምትጎበኙትን ሁሉ የሚያይ ብሮውዘር ከመሆናቸው ጋር ስናመዛዝነው አንመክራቸውም። ከማስታወቂያ ማገድ ሌላ ምንም የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ብሬቭ የተባለው ብሮውዘር ማገጃው አብሮት የተሠራ ነው፤ ኤክስቴንሽን ግን ስልክ ላይ አይቀበልም።

በፋየርፎክስና በክሮሚየም ቤተሰብ መካከል አንድ ሌላ ልዩነት አለ፤ ማስታወቂያ ለማገድ የመጣችሁ ከሆነ ዋናው እሱ ነው። ጎግል ኤክስቴንሽኖች የሚጻፉበትን ሥርዓት ወደ "ማኒፌስት 3" ሲቀይር፣ ኤክስቴንሽን እያንዳንዱን የድረ ገጽ ጥያቄ መሃል ላይ ቆሞ አይቶ የሚያግድበትን መንገድ ዘግቷል። በምትኩ ኤክስቴንሽኑ አስቀድሞ ዝርዝር ያስረክባል፣ የሚያግደው ብሮውዘሩ ነው፤ የዝርዝሩም ብዛት ተገድቧል። በዚህ ምክንያት ታዋቂው ማስታወቂያ ማገጃ ኤክስቴንሽን፣ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን፣ በ2024 እና 2025 እ.ኤ.አ. ከክሮም ወጥቶ የቀረው "ላይት" የተባለው ቀለል ያለው ነው። ሞዚላ የድሮውንም አዲሱንም ሥርዓት ይቀበላል፤ ስለዚህ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ስልክ ላይ ያለ ጭንቀት የሚሠራው ፋየርፎክስ ላይ ነው።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ፋየርፎክስን ከፕሌይ ስቶር አውርዱ። ከአድራሻ መጻፊያው አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ "ኤክስቴንሽንስ" ውስጥ ግቡ። መጀመሪያ የሚታያችሁ ሞዚላ የሚመክራቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከአጠገባቸው ያለውን የመደመር ምልክት ነካ ስታደርጉ ብሮውዘሩ ምን ፈቃድ እንደሚሰጥ ይጠይቃል፣ ትስማማላችሁ፣ ያልቃል። የምትፈልጉት እዚያ ከሌለ ከታች "ተጨማሪ ፈልግ" የሚል መስመር ወደ ሞዚላ መደብር ይወስዳችኋል። ሲጨርስ በግል ታብ ውስጥም ይሥራ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሳያዩ የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው፤ በኋላ በግል ታብ ሲገቡ ማስታወቂያው ሲጎርፍ ኤክስቴንሽኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ያለፋችሁት ከሆነ እዚያው ኤክስቴንሽኑን ከፍታችሁ በግል ታብ ውስጥ እንዲሠራ የሚፈቅደውን አብሩት።

ኮምፒውተር ላይ የኤክስቴንሽኑ ምልክት ከላይ በቀኝ ተደርድሮ ይታያል። ስልክ ላይ ያ መደርደሪያ የለም። አንድ ገጽ ላይ እያላችሁ ሦስቱን ነጥቦች፣ ከዚያ "ኤክስቴንሽንስ"፣ ከዚያ የኤክስቴንሽኑን ስም ስትነኩ ኮምፒውተር ላይ በትንሽ መስኮት የሚወጣው ነገር ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ገጹን ሳትከፍቱ ከገባችሁ የሚያሳያችሁ የሌላ ታብ ቁጥር ነው ወይም ባዶ ነው፤ መጀመሪያ ገጹ፣ ቀጥሎ ምናሌው።

አሁን ወደ ዩብሎክ ኦሪጅን እንምጣ። ስልክ ላይ አንድ ኤክስቴንሽን ብቻ የሚጭን ሰው ይህን ይጫን። የቀን ወይም የሳምንት የዳታ ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ማስታወቂያ ዓይን የሚያስቸግር ነገር ብቻ አይደለም፤ በገንዘቡ የሚወርድ ምስልና ቪዲዮ ነው። እንደጫናችሁት ብትተዉትም ይሠራል፤ ነገር ግን ለዳታ የሚጠቅሙት ቅንብሮች ሲጫን ጠፍተው ነው የሚመጡት።

የመጀመሪያው ትልልቅ ሚዲያን ማገድ ነው። የዩብሎክን መስኮት ከፍታችሁ ጥርስ ያለው ተሽከርካሪ የሚመስለውን ምልክት ስትነኩ ቅንብሩ ይከፈታል። "ሴቲንግስ" በሚለው ታብ ውስጥ ከተወሰነ ኪሎባይት በላይ የሆነ ምስል፣ ድምፅና ቪዲዮ እንዳይወርድ የሚያደርግ ሳጥን አለ፤ ቁጥሩ 50 ተብሎ ተቀምጧል። ሲበራ ዜና ገጽ ላይ ያሉት ትልልቅ ፎቶዎች ቦታቸው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ማየት የፈለጋችሁትን ስትነኩት እሱ ብቻ ይወርዳል። 50 ለአብዛኛው ሰው ጥብቅ ነው፤ የሽያጭ ዕቃ የምታዩ ከሆነ 150 ወይም 200 አድርጉት፣ ትንንሾቹ ምስሎች ያልፋሉ፣ ከባዶቹ ይቀራሉ። ፎቶ ማየት ግድ በሆነበት ገጽ ላይ ለዚያ ገጽ ብቻ ማጥፋት ይቻላል፦ በዩብሎክ መስኮት ውስጥ የፊልም ጥቅል የሚመስል ምልክት አለ፤ ካልታያችሁ "ሞር" የሚለውን ደጋግማችሁ ንኩ፣ የተደበቁት ምልክቶች ይወጣሉ።

ሁለተኛው ከሩቅ የሚወርዱ ፊደሎችን ማገድ ነው። ብዙ ድረ ገጽ የራሱን የፊደል ፋይል ይዞ ይመጣል፤ የግዕዝ ፊደል ብዙ ቅርጽ ስላለው ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል። አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አብሮ ስላለ ይህን ብታግዱም አማርኛው ይነበባል፤ መልኩ ብቻ ይለወጣል። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ገጾች የማውጫ፣ የፍለጋና የቅርጫት ምልክቶቻቸውን እንደ ፊደል ነው የሚያመጡት፤ ፊደሉ ሲታገድ በምልክቶቹ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ይመጣል። ገጹ የተበላሸ ይመስላል፣ ግን ቁልፎቹ ቢነኩ ይሠራሉ። ካስቸገራችሁ የላቲን ፊደል የሚመስለውን ምልክት ነክታችሁ ለዚያ ገጽ ብቻ ፍቀዱ።

ሦስተኛው የማገጃ ዝርዝሮች ናቸው። "ፊልተር ሊስትስ" ታብ ውስጥ ስትገቡ ሁሉንም ምልክት የማድረግ ፈተና ይመጣል። አታድርጉት። ዝርዝር በበዛ ቁጥር ሲታደስ ዳታ፣ ሲሠራ ደግሞ ራም ይበላል፤ 2 ወይም 3 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ላይ ገጽ መክፈቱ ራሱ ይንቀራፈፋል። ሲጫን ተመርጠው የሚመጡትን ተዉአቸው፤ ማስታወቂያን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ የአድጋርድ የሞባይል ማስታወቂያ ዝርዝር መብራቱን አረጋግጡ፤ "ኩኪ ተቀበል" የሚሉት መስኮቶች የሚያስመርሯችሁ ከሆነ ስለ ኩኪ ማሳሰቢያ ከተዘረዘሩት አንዱን ብቻ ጨምሩ፤ በቃ። እዚያው ገጽ ላይ ዝርዝሮቹ በራሳቸው እንዲታደሱ የሚያደርገውን ሳጥን አጥፍታችሁ፣ ዋይፋይ ባገኛችሁ ቁጥር "አፕዴት ናው" የሚለውን ብትነኩ ማደሻው ከጥቅላችሁ አይቆረጥም። ግን ሳታድሱ ወር ሁለት ወር አትቆዩ፤ የማስታወቂያ አድራሻዎች ስለሚለዋወጡ ያረጀ ዝርዝር ብዙ ያሳልፋል፣ አንዳንዴም ደኅናውን ገጽ ይሰብራል።

ለውጡን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማየት የፈለገ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም ክፍልን ከፍቶ ፋየርፎክስ የበላውን ሜጋባይት ይመዝግብ። አንድ ቀን ኤክስቴንሽኑን አጥፍቶ፣ አንድ ቀን አብርቶ ተመሳሳይ ገጾችን ይክፈት። ትክክለኛ መልስ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ልዩነቱ በየሰው አከፋፈት ይለያያል፦ በአብዛኛው ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው የሚተርፈው ብዙ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ግን ቪዲዮው ራሱ ይበልጠዋል።

ማስታወቂያ ያልሆነ ግን ማያ ገጹን የሚሸፍን ነገር፣ ለምሳሌ "ቻናላችንን ተቀላቀሉ" እያለ ከታች የሚንሳፈፍ ሰሌዳ፣ በዝርዝር አይታገድም። ለእሱ በዩብሎክ መስኮት ውስጥ ሁለት መሣሪያ አለ። መብረቅ የሚመስለው የነካችሁትን ለጊዜው ያጠፋል፤ ገጹ ሲታደስ ይመለሳል። ጠብታ መምጠጫ የሚመስለው ግን ለዘለቄታው ነው፦ ነክታችሁት ሰሌዳውን ንኩ፣ ቀይ ሆኖ ይደምቃል፣ ማንሸራተቻዋን በማንቀሳቀስ የሚጠፋውን ክፍል ታሰፋላችሁ ወይም ታጠባላችሁ፣ ከዚያ "ክሪኤት"። በጣት ስለሆነ የምትነኩት ከሚገባው በላይ ሰፊ ክፍል ይመረጥና ጽሑፉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እንዲያ ከሆነ "ማይ ፊልተርስ" ታብ ውስጥ ገብታችሁ የመጨረሻውን መስመር ሰርዙ፣ ለውጡን አስቀምጡ።

ገጽን የሚያጨልመው ዳርክ ሪደር ሌላው የሚፈለግ ነው። ማታ ማንበብን ያቀላል፤ በርካሽ ስልክ ላይ ግን የሚከብደው እሱ ነው። ሲጫን የሚሠራበት "ዳይናሚክ" ዘዴ የገጹን ቀለሞች አንድ በአንድ እየመረመረ ይቀይራል፤ ረጅም ገጽ ላይ ስክሮል ስታደርጉ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። "ስታቲክ" ወደሚለው ብትቀይሩት መልኩ ያን ያህል አያምርም፣ ፍጥነቱ ግን ይመለሳል። ማንበቢያ ገጽ ብቻ ላይ እንዲሠራ አድርጎ ሌላው ላይ ማጥፋትም ይቻላል። ስልካችሁ ኦሌድ ስክሪን ከሌለው ጥቁር ገጽ ባትሪ ይቆጥባል የሚለውን አትጠብቁ፤ ኤልሲዲ ላይ የጀርባው መብራት ጥቁር ሲሆንም ይበራል።

ቪዲዮ ገጾች ታቡ ሲደበቅ ወይም ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁን የሚያቆሙት ብሮውዘሩ "ገጹ አሁን አይታይም" ብሎ ስለሚነግራቸው ነው። ቪዲዮ ባክግራውንድ ፕሌይ ፊክስ የተባለው ኤክስቴንሽን ይህን መልእክት ከገጹ ይሰውረዋል፤ ስብከት፣ መዝሙር ወይም ረጅም ቃለ መጠይቅ ስክሪን አጥፍቶ ለማዳመጥ ይጠቅማል። ዳታ ግን አይቆጥብም፤ ምስሉም አብሮ እየወረደ ነውና ጥራቱን ወደ 144 አውርዱት።

የፓስወርድ መያዣዎችን በተመለከተ የምንለው ተቃራኒውን ነው፦ ስልክ ላይ በኤክስቴንሽን አትጠቀሙ። ቢትዋርደንም ሆነ ሌላው የራሱ የአንድሮይድ አፕ አለው፤ አፑን ጭናችሁ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የአውቶፊል አገልግሎት አድርጋችሁ ብትመርጡት በብሮውዘርም በሌሎች አፖችም ይሞላላችኋል። ኤክስቴንሽኑ የሚሠራው ብሮውዘሩ ውስጥ ብቻ ነው፤ ብሮውዘሩ ሲዘጋም ዳግም ዋና ፓስወርድ ይጠይቃል።

የጫኑት ኤክስቴንሽን አልሠራም የሚል ሰው መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ገጹ የተከፈተው የት እንደሆነ ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሊንክ የሚመጣው በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራምና ፌስቡክ ደግሞ ሊንክን በራሳቸው ውስጣዊ ብሮውዘር ይከፍታሉ። እዚያ ውስጥ የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን አይደርስም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ "ቻት ሴቲንግስ" ገብታችሁ ኢን አፕ ብሮውዘር የሚለውን አጥፉ፤ በስልኩ ሴቲንግም ፋየርፎክስን ዋና ብሮውዘር አድርጉ። ይህ ብቻውን የብዙ ሰው ችግር ይፈታል።

ቀጥሎ የገጹን አድራሻ ተመልከቱ። ብዙ ኤክስቴንሽን በየትኛው አድራሻ ላይ እንደሚሠራ በውስጡ ተጽፎለታል፤ ገንቢው ኮምፒውተር እያሰበ ስለጻፈው በሦስት ደብሊው የሚጀምረውን ብቻ ያውቃል። ስልክ ስትከፍቱ ገጹ በአንድ ኤም ወደሚጀምረው የሞባይል አድራሻ ይወስዳችኋል፤ ኤክስቴንሽኑ ያንን አያውቀውም፣ ዝም ይላል። ለዚህ "ዴስክቶፕ ሳይት" በእርግጥ መፍትሔ ነው። ጽሑፉ ካነሰባችሁ ሴቲንግ ውስጥ "አክሰሲቢሊቲ" ገብታችሁ የፊደሉን መጠን ከፍ አድርጉ።

ከዚህ ያለፈው ብሮውዘሩ ራሱ የሌለው ነገር ነው። ፋየርፎክስ ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን ወደ ቀኝ ጠቅታ ምናሌ መግባት አይችልም፤ ጽሑፍ መርጣችሁ ተጭናችሁ ብትቆዩም የኤክስቴንሽኑ መስመር አይመጣም። የጎን ሰሌዳ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ሌላ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገሩ፣ ለምሳሌ ከማውረጃ ፕሮግራም ጋር ተጣምረው የሚሠሩ ኤክስቴንሽኖችም አይሆኑም። አይጥ ላዩ ላይ ስትቆም የሚወጣ ነገርም በጣት አይወጣም። አንድ ኤክስቴንሽን ዋና ሥራው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ከተመሠረተ ቢጫንም አይጠቅምም፤ ለማስገደድ ጊዜ አታጥፉ።

ሌላው ስልኩ ብሮውዘሩን የሚገድልበት ሁኔታ ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ከጀርባ ያሉ አፖች ቶሎ ይዘጋሉ። ምልክቱ ፋየርፎክስን ስትከፍቱ የመጀመሪያው ገጽ ከነማስታወቂያው መምጣቱና ሲታደስ መጥራቱ ነው፤ ኤክስቴንሽኑ ዝርዝሩን ሳይጭን ገጹ ቀድሞታል። በስልኩ ሴቲንግ አፖች ውስጥ ፋየርፎክስን ከፍታችሁ የባትሪ አጠቃቀሙን ያልተገደበ አድርጉ፤ ስልኩ የራሱ ማጽጃ አፕ ካለውም ከሚዘጉት ውስጥ አውጡት። በዩብሎክ "ፊልተር ሊስትስ" ታብ ውስጥ ደግሞ ዝርዝሮቹ እስኪጫኑ የገጹን ግንኙነት የሚያቆየው ሳጥን መብራቱን እዩ። ማጽጃ አፖች ካሽ ቢያጸዱ ችግር የለም፤ የአፑን ዳታ ካጠፉ ግን ኤክስቴንሽኖቹ ከነቅንብራቸው ይሄዳሉ።

መደብሩ ውስጥ ለስልክ አይሆንም ተብሎ የተዘጋ ኤክስቴንሽን ካለ፣ ብዙ ጊዜ ገንቢው በፋይሉ ውስጥ ለአንድሮይድ የሚሆነውን መስመር አልጻፈም ማለት ነው። ፋይሉ በእጃችሁ ካለ መሞከር ትችላላችሁ፦ ሴቲንግ፣ "ስለ ፋየርፎክስ"፣ አርማውን 5 ጊዜ ንኩ፤ ወደ ሴቲንግ ስትመለሱ ከፋይል መጫን የሚል መስመር ተጨምሯል። የሚቀበለው ሞዚላ የፈረመበትን የፋየርፎክስ ፋይል ብቻ ነው። "ተበላሽቷል" ካለ ምናልባት የያዛችሁት የክሮም ፋይል ነው፤ "አልተረጋገጠም" ካለ ፊርማ የለውም። ፊርማን ማለፍ የሚቻለው በሙከራው እትም ናይትሊ ነው፤ ገንቢ ካልሆናችሁ ግን አትንኩት።

በኤፒኬ ከሰው የተቀበሉትን ፋየርፎክስ ለዓመታት ሳያድሱ የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ቀን ኤክስቴንሽናቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፍቶ ያገኙታል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ብሮውዘሩ ፊርማ የሚያረጋግጥበት የሞዚላ ሰርተፊኬት በመጋቢት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጊዜው አልፏል፤ ከ128ኛው እትም በፊት ያሉት አዲሱን አያውቁም። አጥፍቶ መጫን አይረዳም፤ የስልኩን ቀን ወደ ኋላ መመለስም ሌላ ችግር ያመጣል፣ የባንክና የኢሜይል ገጾች አይከፈቱም። መድኃኒቱ ማደስ ብቻ ነው።

አይፎን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ፋየርፎክስም ክሮምም ኤክስቴንሽን አይቀበሉም፤ የሚቀበለው ሳፋሪ ነው፣ ከአይኦኤስ 15 ጀምሮ። ኤክስቴንሽኑ እንደ አፕ ከአፕ ስቶር ይወርዳል፤ ከዚያ በሴቲንግ፣ በአፖች ውስጥ ሳፋሪን ከፍታችሁ "ኤክስቴንሽንስ" ስር ታበሩታላችሁ። ማብራቱ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያው ከታች በየትኞቹ ድረ ገጾች ላይ እንደሚሠራ መፍቀድ አለባችሁ። ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት በ2025 እ.ኤ.አ. ለሳፋሪ ወጥቷል፤ አጫጭር ስክሪፕት ለሚያሠራ ሰው "ዩዘርስክሪፕትስ" የተባለው ነፃ አፕ ኮምፒውተር ላይ ስክሪፕት የሚያሠራውን የታምፐርመንኪን ቦታ ይሸፍናል። ኦሪዮን የተባለው ብሮውዘር የክሮምና የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽኖችን አይፎን ላይ ለማሠራት ይሞክራል፤ ግን ገና የሙከራ ሥራ ስለሆነ የሚሠራው ከፊሉ ነው።

ፈቃድ ስትሰጡ ቆም ብላችሁ አንብቡ። "በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን ዳታህን ማየት" የሚል ፈቃድ የተሰጠው ኤክስቴንሽን የምትጽፉትን ፓስወርድ ማንበብ ይችላል። ማስታወቂያ ማገጃ ይህ ፈቃድ ግድ ያስፈልገዋል፤ የገንዘብ ምንዛሪ የሚያሳይ ኤክስቴንሽን ግን አያስፈልገውም። ታዋቂ መሆኑም ዋስትና አይደለም። ታቦችን የሚያስተኛው ዘ ግሬት ሰስፔንደር ለዓመታት የታመነ ነበር፤ ለሌላ ባለቤት ከተሸጠ በኋላ ጎጂ ኮድ ተገኝቶበት ጎግል በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. አስወገደው። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ኩባንያው የሳይበርሄቨን ኤክስቴንሽን ላይ የደረሰው ደግሞ ሌላ ነው፦ አንድ ሠራተኛ በሐሰተኛ ኢሜይል ተታልሎ አጥቂዎች የራሳቸውን እትም ለተጠቃሚው ሁሉ በራሱ እንዲታደስ ላኩበት። ስለዚህ ስልክ ላይ ከሦስት ያልበለጠ፣ በየሳምንቱ በእርግጥ የምትጠቀሙበትን ብቻ ያዙ፤ የባንክና የቴሌብር ጉዳያችሁን ደግሞ ኤክስቴንሽን በሌለበት፣ በራሱ አፕ አድርጉ።

ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ያስተካከላችሁትን ቅንብር ስልክ ላይ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። የሞዚላ አካውንት ዕልባትና ፓስወርድ ያመሳስላል፤ ኤክስቴንሽኖችን ግን ከኮምፒውተር ወደ ስልክ አያሻግርም። በእጅ ነው የሚሻገሩት። ኮምፒውተሩ ላይ የዩብሎክን ሴቲንግ ከፍታችሁ ከታች "ባካፕ ቱ ፋይል" በሉ፤ የሚወጣውን ትንሽ ፋይል በቴሌግራም ወደ ራሳችሁ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ላኩት፤ ስልኩ ላይ አውርዳችሁ እዚያው ቦታ "ሪስቶር ፍሮም ፋይል" በሉና ምረጡት። ፋይሉ ካልታየ ቴሌግራም ያወረደው በራሱ ማኅደር ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ከመልእክቱ ሦስት ነጥብ "ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ" ካላችሁት በኋላ ይገኛል። ሲመለስ ኮምፒውተር ላይ የመረጣችኋቸው ብዙ ዝርዝሮችም አብረው ይመጣሉና ወዲያው "ፊልተር ሊስትስ" ገብታችሁ ለስልኩ የሚከብዱትን አውጡ፤ ይህን ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ አድርጉት።